በሃያ አምስትና በሃያ ሰባት መካከል

ሌላ ሰው ፈተና ሲደርስበት ትምህርቱን ያጠናል። እኔ የማለፊያውን ነጥብ አጠናሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ስንቱን ተማሪ "ነጥቡን ተወውና ሥራህን ሥራ" እያልኩ እንዳሳቀቅኩ ሳስበው፣ አንዳቸው ያንን ሳምንት መስኮቴ ላይ ቆመው ቢያዩኝ ኖሮ ካሳቸውን በሳቅ ባገኙ ነበር።

ፈተናው የማስታወስ ፈተና ነው። ያመጣችብኝ ልጄ ናት፤ ጥፋቱ ግን የራሴ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እዚህ ቶሮንቶ፣ ቶርንክሊፍ ፓርክ ወደሚባለው ሰፈር ወርጄ ምስርና ሽንኩርት ገዛሁና ወደ ቤቴ፣ ወደ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ በአውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቅርብ ነው፤ ጎረምሳ በእግሩ ይሄደዋል። እኔ ግን መውረጃዬን አልፌ የምድር ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። መውረጃ ማለፍ ወንጀል አይደለም። ወንጀሉ ከዚያ በኋላ ነው፤ ከወረድኩ በኋላ የመጣሁበት አውቶቡስ የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ። አውቶቡሶቹ ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ናቸው። ፌስታሌን ታቅፌ አንድ ሰዓት ያህል ቆምኩ። የጠፋሁ እንዳልመስል ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ "እሺ… እሺ… ይሁን" እል ነበር። ማንም አልደወለልኝም። ብብቴ ሥር ያለው ሸሚዝ በብርድ ቀን በላብ ረጠበ።

በመጨረሻ ለልጄ ኮል አደረግኩ። ከዌስተን፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሥራዋን ጥላ መጣች።

"አባባ፣ ምን ሆኑ?"

"ምንም። አውቶቡስ እየቆጠርኩ ነበር።"

"ስንት ሆኑ ታዲያ?"

ፌስታሌን አቀበልኳት። እሷ አልሳቀችም።

ያልሳቀችበትን ምክንያት ሁለታችንም እናውቀዋለን። ታላቅ ወንድሜ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ በክንዱ ለክቶ አንድ ስንዝር የማይስት ሰው። መጀመሪያ የጠፋበት ወሩ ነው። ጠዋት "አሁን ምን ወር ነው?" ብሎ ይጠይቃል፤ እንነግረዋለን፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ ይጠይቃል። ያኔ እንስቅ ነበር። እኔ በተለይ። "ጳጉሜ ነው፣ አምስት ቀን ብቻ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ተጠቀምበት" እለው ነበር። ከወሩ ቀጥሎ የልጆቹ ስም ሄደ፣ ከዚያ የሚስቱ፣ መጨረሻ ላይ ማንኪያ ለምን እንደሆነ ጠፋው። ስለዚህ ይህ በሽታ በየትኛው በር እንደሚገባ አውቃለሁ። በሩ ሲንኳኳ የሚያሰማውን ድምፅ ሳይቀር አውቃለሁ።

ልጄ የሐኪም አፖይንትመንት ያዘችልኝ፤ በፈረንጁ ወር በአስራ ሰባት፣ ረቡዕ። ፈተናውንም ኢንተርኔት ላይ አንብባ ቁርጡን ነገረችኝ።

"ከሠላሳ ነው የሚታረመው አባባ። ሃያ ስድስትና ከዚያ በላይ ካመጡ ደህና ነዎት። ከዚያ ካነሰ ግን ብቻዎን መኖሩ ይቀራል፤ እኔ ጋ ይገባሉ። አንከራከርም።"

የዌስተኑ ቤቷ ጥሩ ቤት ነው። ግን እዚያ እንግዳ ነኝ፤ እንግዳ ደግሞ ሻይ ለማፍላት እንኳ ያስፈቅዳል። አስራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለችው የኔ ክፍል ጠባብ ናት፣ ማሞቂያዋ ያንኳኳል፣ ሊፍቷ ሲያሻው ይሠራል፤ ቢሆንም ሻዩን የማፈላው፣ የሚገነፍልብኝም እኔ ነኝ።

እንግዲህ ያን ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ወረቀት አድርጌ መሐሉ ላይ ሃያ ስድስትን ጻፍኩና ዙሪያውን እዞረው ጀመር። ሰው ዳኛው ፊት ሊቀርብ ሲል ስለ ዳኛው ጠባይ እንደሚያጣራ ማለት ነው።

ሃያ ስድስት ሲያዩት ምንም የማይመስል ቁጥር ነው። ለሁለት እኩል ይከፈላል፤ ሁለት ጊዜ አስራ ሦስት ነው። ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው፣ እኛ ብቸኛ የምንለው ቁጥር እንኳ አይደለም። ከራሱ በታች ያሉትን አካፋዮቹን ብትደምሯቸው፣ አንድና ሁለትና አስራ ሦስት፣ አስራ ስድስት ይሆናሉ። ወደ ራሱ ለመድረስ አስር ይጎድለዋል። ሁለት ደረጃ ዝቅ ብትሉ ሃያ አራት አለ፤ የሱ አካፋዮች ተደምረው ሠላሳ ስድስት ይሆናሉና ተርፎት ያድራል። ሁለት ደረጃ ከፍ ብትሉ ደግሞ ሃያ ስምንት አለ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ሰባት፣ አስራ አራት ሲደመሩ ልክ ራሱን ይሰጣሉ። እንዲህ ያለው ፍጹም ቁጥር ይባላል፤ በሺህ ውስጥ ሦስት ብቻ ናቸው። ሐኪሞቹ ሃያ ስምንትን ትተው፣ አስር የጎደለበትን ቁጥር የጤና ደፍ ማድረጋቸው ትንሽ አጽናናኝ። ሙሉ ሰው አልጠየቁም ማለት ነው።

በራሱ ሲባዛ ስድስት መቶ ሰባ ስድስት ይሆናል፤ ከግራም ከቀኝም ብታነቡት ያው ነው። ራሱ እንዲያ ሳይሆን በራሱ ሲባዛ እንዲያ የሚሆን የመጀመሪያው ቁጥር እሱ ነው። የእንግሊዝኛው ፊደል ሃያ ስድስት ነው። የግዕዙም፣ አማርኛ የራሱን ሳይጨምርበት፣ ሃያ ስድስት ነው። በሁለቱም በኩል የሚያውቀኝ ቁጥር ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ያስፈራኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ከሃያ ስድስት ሥር ሃያ አምስት አለ፤ አምስት በአምስት፣ ካሬ። ከላዩ ሃያ ሰባት አለ፤ ሦስት በሦስት በሦስት፣ ኩብ። በካሬና በኩብ መካከል እንዲህ ተጣብቆ የተቀመጠ ቁጥር፣ ከአንድ ጀምራችሁ እድሜ ልካችሁን ብትቆጥሩ፣ ከሃያ ስድስት በቀር አታገኙም። ከዱሮ ጀምሮ በማስረጃ የተረጋገጠ ነገር ነው፤ ድንቅ እያልኩ ለተማሪ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ። አሁን ግን ድንቅነቱ ሳይሆን ጥበቱ ታየኝ። በታች አራት ማዕዘን ጉድጓድ፣ በላይ ድፍን ድንጋይ፣ መሐሉ ላይ አንድ ሰው ብቻ የሚቆምበት ቦታ። ሽማግሌ ደግሞ በአንድ እግር መቆም አይችልም።

ልጄ ስትደውል "ተለማመዱ እንዴ?" አለችኝ። "ከሚገባው በላይ" አልኳት። አንድ ቃል እንኳ አልተለማመድኩም ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ልጄን ከውጭ አስቀመጧት። የገባሁት ከነርሷ ጋር ብቻዬን ነው። አስተርጓሚዋ በስልክ ናት፤ ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በደንብ አማርኛ ይናገራል።

"አባቴ፣ አይፍሩ፤ ቀላል ነው" አለ ስልኩ።

ቀላል ነው የሚለውን ቃል እኔም ተማሪ ላይ እጠቀምበት ስለነበር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

አምስት ቃል ሰጡኝ፤ እጅ፣ ጥጥ፣ ድልድይ፣ ጽጌረዳ፣ ሰማያዊ። በኋላ እጠየቃቸዋለሁ። ቀጥሎ ክብ ሠርተው ቁጥሮቹን አስገብተው አስራ አንድ ሰዓት ከአስር የሚል ሰዓት ይሳሉ ተባልኩ። ሳልኩ። በኩራት ሳልኩ። ከዚያ ከመቶ ሰባት ሰባት እየቀነሱ ይሂዱ አሉኝ።

ይህ የኔ አገር ነው። "ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስድስት፣ ሰባ ዘጠኝ፣ ብቸኛ ቁጥር ነው እሱ፣ ሰባ ሁለት፣ ስልሳ አምስት፣ ሃምሳ ስምንት…"

"ይበቃል አባቴ።"

"…ሃምሳ አንድ፣ አርባ አራት…"

"አባቴ፣ በቃ ብላለች!"

ነርሷ እጇን እስክታነሳ ወደ ሠላሳ ወርጄ ነበር። ፍርሃት ምላስ ያፈጥናል።

በአንድ ደቂቃ ውስጥ በ"ፈ" ድምፅ የሚጀምሩ አስራ አንድ ቃላት ሲሉኝ ግን ፍጥነቱ ትቶኝ ሄደ። ፈረስ፣ ፍየል፣ ፎጣ፣ ፋኖስ፣ ፈንዲሻ፣ ፍራሽ፣ ፊት፣ ፌስታል፣ ፈተና፣ ፍርሃት። ከዚያ እንደገና ፍርሃት።

"ብለውታል አባቴ።"

"አውቃለሁ። አሁንም አለ።"

አንድ ነጥብ ሄደ። ረጅም ዓረፍተ ነገር ድገሙ ብለውኝ ጅራቱን ቆርጬ ደገምኩት፤ ሌላ አንድ። ከአምስቱ ቃላት እጅን፣ ድልድይንና ሰማያዊን አገኘሁ፤ ጥጡና ጽጌረዳው የት እንደገቡ እግዜር ይወቅ። ሁለት። በልቤ እየቆጠርኩ ነው፤ ሃያ ስድስት። ልክ ደፉ ላይ ቆሜያለሁ። አንድም የሚጣል የለኝም።

"ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?"

"አስራ ሰባት።" ቁጥር ነው፤ ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ስትደጋግመው ነበር።

"ዕለቱስ?"

"ረቡዕ።"

"ዓመተ ምሕረቱ?"

ነገርኳቸው፤ በኛ አቆጣጠር። ስልኩ ሳቅ ብሎ ለነርሷ አስረዳልኝ፤ ነርሷም ራሷን ነቅንቃ ትክክል አለች።

"ወሩስ አባቴ?"

ወሩ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልመጣም። እንደ ወንድሜ አልኩ በውስጤ፤ ከዚያ ወዲያ እሱን ማሰብ እንጂ ሌላ ማሰብ አልቻልኩም። በመስኮቱ በኩል ቀጭን በረዶ ይወርዳል። ቶሮንቶ ውስጥ እንዲህ ያለ በረዶ የብርዱ ወራት መግቢያ ላይም ይወርዳል፣ መውጫቸው ላይም ይወርዳል፤ ከሱ የሚገኝ መረጃ የለም። የኛን ወር ፈለግኩ፤ ከመስከረም ጀምሬ በዜማ ብዘልቀው አስራ ሦስቱም ይመጣሉ፣ አንዱም "እኔ ነኝ" አይልም። የፈረንጁንም እንደዚያው።

የአፖይንትመንቱ ወረቀት ጉልበቴ ላይ ነበር፤ ተጣጥፎ። አውራ ጣቴ ሳልጠይቃት ገለጠችው። ዓይኔ ወረደች።

"ኖቬምበር" አልኩ። አክዬም፣ ለማሳመር፣ "ኅዳር ማለት ነው።"

ሠላሳ አንድ ዓመት የኮረጀ ተማሪ ስይዝ ወረቀቱን ቀዳድጄ ፊቱ ላይ የምበትን ሰው ነኝ። አንዱን ልጅ መዳፉ ላይ ጽፎ አግኝቼ ክፍል ሙሉ ፊት እጁን አስነስቼ አዙሬዋለሁ። አሁን እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ቀስ ብዬ አጠፍኩት፣ ነርሷም ፈገግ አለችልኝ።

ልጄን አስገቡና ነርሷ ደመረች። በእንግሊዝኛ ያለችውን ያለ ስልክ ሰማሁት። ሃያ አምስት።

ሃያ ስድስት ነበር በኔ ቆጠራ። አንዱ የት ሄደ? ሒሳብ የተሳሳትኩ መሰለኝና ያ ከሁሉ ይልቅ አስፈራኝ። ልጄ ወረቀቱን ከነርሷ ተቀብላ አየችው፤ አየችው፤ ድንገት በጣቷ የሳልኩትን ሰዓት መታችው።

"ይሄ እኮ ልክ ነው!" አለች። በእንግሊዝኛ መፍጠን ጀመረች። አገራችን ሰዓት የሚቆጠረው ፀሐይ ከወጣችበት ነው፤ ፈረንጅ አምስት የሚለው ለኛ አስራ አንድ ነው፤ አስተርጓሚዋ አስራ አንድ ካለች አባቴ ትንሹን ዘንግ አምስት ላይ ማድረጋቸው ትክክል ነው፤ እድሜ ልካቸውን እንዲህ ነው ሰዓት ያዩት። ስልኩ ደግሞ ሥዕሉን አላየ፤ ምን ያውቃል!

ነርሷ ሥዕሉን አዙራ አየች፣ የራሷን የእጅ ሰዓት አየች፣ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ሃያ አምስትን ሰርዛ ሃያ ስድስት ጻፈች። "ዓመት ቆይተው ይምጡ" አለች።

ልጄ አንገቴን አቀፈችኝ። "አይ አባባ! በሰዓት ሊያስጥሉኝ!" እያለች ትስቃለች። እኔም ሳቅሁ። የሰዓቷ ነጥብ የኔ ናት፤ በላቤ ያገኘኋት። የወሩ ግን አይደለችም። ሃያ ስድስት ተጽፎልኝ፣ የቆምኩት ሃያ አምስት ላይ ነበር።

መንገድ ተሻግረን አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ስለ ምሳ ታወራለች። ምን ልሥራልዎት ትላለች። እኔ ምንም አልሰማም። ትናንት ሥጋ መብላቴ ትዝ አለኝ፤ ምስኪን፣ ራሴን "ጾም ነው ወይ?" ብዬ ብጠይቅ እንኳ መጋቢት ያለመሆኑን ባወቅኩ ነበር። እንዲህ ቀላል ነበር። እንዲህ ቀላሉን ነው ያጣሁት።

"የኔ ልጅ" አልኳት። "ኮርጄያለሁ።"

"ምን?"

"ወሩን። ከወረቀቱ ላይ አየሁት።"

ሳቀች። "እህ፣ እሱማ ከኛ አቆጣጠር ጋር ተምታቶብዎት ነው። ማንንም ያምታታል። እኔ ራሴ ስልኬን ሳላይ…"

ያ ሰበብ ተዘርግቶ ቀረበልኝ። አንስቼ ብጎርሰው ማንም አያውቅም። ነርሷም ታምናለች፣ ስልኩም ያምናል።

"አልተምታታብኝም" አልኳት። "ሁለቱም አልነበሩም። የኛም፣ የነሱም። ባዶ ነበር።"

ሳቋ ቆመ። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ሾፌሩ አየን፣ በሩን ዘጋ፣ ሄደ።

"ታዲያ ለምን አሁን ይነግሩኛል?" አለች፤ ተቆጥታ ነው፤ ዓይኗ ግን ሞልቷል። "እዚያ ዝም ካሉ በኋላ?"

"ነገ ረስቼው ላድር እችላለሁ ብዬ።"

ከአፏ የወጣው ሳቅ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ክንዴን ያዘችኝ። አጥብቃ ነው የያዘችኝ፤ ጣቶቿ በካፖርቴ ላይ ተሰሙኝ።

"አስፈርቶዎታል?"

አፌ ላይ የመጡትን ቀልዶች ሁሉ አየኋቸው፤ ሦስት ያህል ነበሩ፣ ደህና ደህና ቀልዶች። ተውኳቸው።

"በጣም" አልኳት።

ተመለስን። ነርሷ ሌላ ሰው ልታስገባ በር ላይ ቆማ ነበር። ልጄ ልትናገር ስትል እጄን አነሳሁና እንደምንም በራሴ እንግሊዝኛ ለነርሷ ነገርኳት፤ ወረቀቱንም አሳየኋት፣ አውራ ጣቴ እንዴት እንደገለጠችው ሳይቀር። ነርሷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ሃያ ስድስቱን ሰርዛ ሃያ አምስቱን መልሳ ጻፈች። ለስፔሻሊስት ሪፈር እንደምታደርገኝ፣ ይህ ብቻውን በሽታ ማለት እንዳልሆነ፣ ቶሎ መታየቱ ግን እንደሚሻል ነገረችን።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ሰውዬ ቅጹን ሲሞላ ቀና ሳይል ጠየቀ፤ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት?

ልጄ ወደኔ ዞረች። እኔ ጋ ይገባሉ ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ አንከራከርም ብላኝ ነበርና። አላለችም። ለመልሱ እኔን ጠበቀችኝ።

"ለአሁኑ፣ አዎ" አልኩት ሰውየውን። እሷን ደግሞ "አንቺ ቁልፍ ይኑርሽ" አልኳት። ቅጂ ቁልፍ ስጡኝ ስትለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴ ጠፋ፣ አንዴ ሠሪው ዘጋ እያልኩ ስሸሻት ኖሬያለሁ። "ስትፈልጊ ግቢ። ሳትደውዪ።"

"ማታ ማታም እደውላለሁ።"

"ደውዪ።"

"የታዘዙትንም ያደርጋሉ።"

"አደርጋለሁ።"

"ሐኪሙ አይሆንም ካለ ደግሞ…"

"ያኔ ዕቃዬን እሸክፋለሁ። ማንቆርቆሪያዬን ግን ይዤ ነው የምመጣው፤ ያንቺ ሻይ ውሃ ነው።"

ከኪሴ የቁልፎቼን ቀለበት አውጥቼ አንዷን ቁልፍ አላቅቄ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። አገላብጣ አየቻት።

"አባባ… ይሄ እኮ የፖስታ ሳጥን ቁልፍ ነው።"

"አውቃለሁ" አልኳት። "በትንሹ እንጀምር ብዬ ነው።"

በጎን አየችኝ፤ ወጋችን ዱሮም እንዲህ ነው፣ ማሾፌን ለምዳዋለች። ግማሽ ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩላት፣ ቀለበቱንም እንዳለ ሰጠኋትና ራሷ እንድትፈልግ ተውኳት። ያቺን ቁልፍ ሳነሳ እያወቅኩ ይሁን ሳላውቅ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።